ቤንች ላይ 70 ኪሎ ተጣበቀብኝ፣ ሁዳዴ ጡንቻዬን እየበላው ነው? አስቸኳይ!

ሚዜው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ። ትናንት ቤንች ላይ (በጀርባዬ ተኝቼ ብረት ስገፋ) 70 ኪሎ ደረቴ ላይ ተኝቶ ቀረ። የማላውቀው ሰውዬ መጥቶ አነሳልኝ፣ በጣም አፈርኩ። ጾሙ ሳይገባ 80 ኪሎን 8 ጊዜ እገፋ ነበር። በአራት ሳምንት ክብደቴ ከ84 ወደ 78 ወረደ። ቦርጩ ግን አለ። ከፋሲካ በኋላ ሚዜ ነኝ፣ ሱፉ ተለክቷል። ስቡን ወደ ጡንቻ የሚቀይር ነገር ካለ ንገሩኝ።

የሰሚት ልጅ፦ ፕሮቲን ብላ።

ቀሲስ አይደለሁም፦ ወንድሜ፣ ጾም ቦርጭ ማጥፊያ አይደለም። ጾም ከጸሎትና ከስግደት ጋር ነው። አንተ ስለ ሱፍ ታወራለህ። ስግደቱን በትክክል ብትሰግድ ስኳት የምትሉት ቁጭ ብድግ አያስፈልግህም ነበር።

ብረት በረት፦ አባቴ፣ ልጁ ስለ ቤንች ነው የጠየቀው 😂

ነርሷ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ስብ ጡንቻ አይሆንም። ጤፍ ዘርተህ ገብስ አታጭድም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ታቃጥላለህ፣ ሌላውን ትጠብቃለህ። ደግሞ በሳምንት 1.5 ኪሎ መውረድ በዝቷል። ላንተ ከ400 እስከ 800 ግራም ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ብዙው ውሃ ስለሆነ እሱን ተወው። ምን ትበላለህ? በስንት ሰዓት ነው የምትሠራው? ይህን ሳትነግረን ምን እንበልህ?

ሚዜው፦ እስከ 9 ሰዓት አልበላም። ከዚያ ሽሮ፣ ማታ ደግሞ ፓስታ ወይም በያይነቱ። ጂም የምገባው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ከዚያ 8 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፣ በየቀኑ። ይሄ ግልጽ ነው ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

የሰሚት ልጅ፦ በየቀኑ 8 ኪሎ ሜትር?! ፕሮቲን ብላ አልኩህ እኮ።

ብረት በረት፦ ሚዜ ሳይሆን ማራቶን ነው የተመዘገብከው።

አሮጌው አሰልጣኝ፦ እኔ እንደሚመስለኝ ጡንቻህ ገና አልቀለጠም፣ በቃ ባዶ ሆድህን ነው የምትገፋው። ማታ 2 ሰዓት ከበላህ ጠዋት ስትገፋ 10 ሰዓት አልፎሃል። ከዚያ በላዩ ሩጫ፣ ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ምንም። ስለዚህ ጂሙን ወደ ማታ 11 ሰዓት አዙረው፣ 9 ሰዓት ላይ በልተህ ግባ። ሩጫውን በሳምንት ሁለት ጊዜ አድርገው፣ በቀረው ቀን በእግርህ ሂድ። ብረቱን ግን አታቅልል! ብዙ ሰው ስብ ለመቀነስ ብሎ ቀላል ኪሎ ለ25 ጊዜ ይገፋል፣ ይሄ ስህተት ነው። ሰውነት ጡንቻውን የሚይዘው ከባድ ነገር ሲጠየቅ ነው። ኪሎውን አቆይ፣ ድካሙ ከበዛብህ ዙሩን ቀንስ። 4 ዙር የነበረውን 2 ወይም 3 አድርገው። ሰው ሳይቆምልህም አትግፋ።

ቀሲስ አይደለሁም፦ እንቅልፍስ? ሌሊት ስልክ ላይ ነው የሚያድረው።

ነርሷ፦ ለአንዴ እስማማለሁ። ከ7 ሰዓት በታች ከተኛ ይሄ ሁሉ ምክር ከንቱ ነው። ስለ ምግቡ፣ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ብንይዝ በቀን 125 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። የሽሮ ዱቄት በ100 ግራም ወደ 20 ግራም ነው ያለው። በሽሮ ብቻ ልሙላው ካልክ ከ600 ግራም በላይ ዱቄት በቀን።

ብረት በረት፦ የሰፈሩን ወፍጮ ቤት ሊያዘጋው ነው 😂😂

ነርሷ፦ ስለዚህ አደባልቅ። ደረቅ ምስር 25 ገደማ አለው፣ አኩሪ አተር 36 ገደማ። ለውዝም ጥሩ ነው፣ ግን በ100 ግራም 570 ካሎሪ ስለሚጠጋ ፊልም እያየህ አትቆርጥመው። ወጡ ላይ የሚፈሰውን ዘይትም ተመልከት። ጾም ነው ብለን ዘይት ውስጥ እንዋኛለን፣ አንዱ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው።

የቨርጂኒያዋ፦ እኔ የአተር ፕሮቲን ዱቄት ነው የምጠቀመው። ጣዕሙ አፈር ነው፣ ግን ይሠራል። ዌይ የሚባለው የወተት ስለሆነ ለጾም አይሆንም፣ ጣሳው ላይ ያለውን አንብቡ። ክሬቲን (ለብረት ጉልበት የሚወሰደው ዱቄት) ግን ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ የሚሠራ እንጂ ከእንስሳት የሚወጣ አይደለም፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። ኩላሊት የሚያመው ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

የሰሚት ልጅ፦ ዓሣ ብላና ገላግለን።

ቀሲስ አይደለሁም፦ በሁዳዴ ዓሣ?!

የሰሚት ልጅ፦ እኛ ቤት ይበላል።

ቀሲስ አይደለሁም፦ እናንተ ቤት ብዙ ነገር ይበላል።

ነርሷ፦ እባካችሁ ይሄን ክርክር ሌላ ቦታ። ሚዜው፣ ማዞርና ራስ መሳት ካለህ ብረቱን ትተህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ሚዜው፦ አንዳንዴ ስነሳ ያዞረኛል፣ የውሃ ማነስ ነው ብዬ ነበር። እሺ፣ ከነገ ጀምሮ ማታ እሞክራለሁ። ውጤቱን እነግራችኋለሁ።

አሮጌው አሰልጣኝ፦ ውሃም ከሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ አንጀትህ እስኪርስ ጠጣ። ማዞሩን ግን ነርሷ እንዳለችው መጀመሪያ ለሐኪም አሳይ። ብረቱን አታቅልል ብዬህ ነበር፣ 70 ስለተጣበቀብህ ግን ስትመለስ በ60 ኪሎ ጀምር፣ አትቸኩል።

ብረት በረት፦ (ከሦስት ሳምንት በኋላ) ሚዜው፣ ኧረ ምን ደረስክ? ሰርጉ መቼ ነው? እኔም 65 ላይ ተጣብቄያለሁ።