ኤሊዬ አዲሱን ቤቷን አልለምድ አለች፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ኤሊያችን ግቢ ውስጥ እንደልቧ ስትዞር ነው የኖረችው። ክረምቱ ሲገባ ግን ብርዱ አሳሰበኝ። ሐምሌ ላይ እዚህ ፀሐይ ማየት ብርቅ ነው። ኤሊ ደግሞ ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው፤ ካልሞቃት የበላችውም አይፈጭላትም። ስለዚህ ሰፊ የጣውላ ሳጥን አሠርቼ ቤት አስገባኋት።

እሷ ግን አልለምድ አለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ጥግ ይዛ ጣውላውን በፊት እግሮቿ ትቧጥጣለች። ሲደክማት አንገቷን ሰብስባ እዚያው ትተኛለች። የምትወደውን የጎመን ቅጠል አፍንጫዋ ሥር ሳስቀምጥላት አሽትታ ዞር ትላለች። አንጀቴን ነው የምትበላው።

ታችው አፈር ነው። በአንድ ጫፍ አምፖል ሰቅያለሁ፤ ከሥሩ 32 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በሌላው ጫፍ መደበቂያ እንዲሆናት የተሰበረ እንስራ አጋድሜላታለሁ፤ ዞር ብላም አላየችው። የእንስሳት ሐኪም ጠይቄ ነበር፤ ከብትና በግ እንጂ ኤሊ አክሞ አያውቅም።

ኤሊ ያሳደጋችሁ፣ እስክትለምድ ዝም ብዬ ልተዋት ወይስ እያነሳሁ ወደ ምግቧ ላቅርባት? ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ያረጋጋታል ወይስ ይብስ ያስደነግጣታል? መብራት ሌሊት ሲጠፋስ በምን ታሞቃላችሁ? የመስኮት መስታወት ለቅርፊቷ የሚያስፈልገውን ጨረር ስለሚያግድ ልዩ አምፖል ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚሸጥበትን የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ምግብ እንቢ ማለቷ መቼ ነው ሊያስፈራኝ የሚገባው?