በሌዘር የተቀረጸ ቲተር ላይ ቀጫጭን የፊደል እግሮች ለምን ይተኛሉ?

ጥያቄ፦ ከ«ጀማሪ ቀራጭ»

ጤና ይስጥልኝ። በ40 ዋት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ማኅተምና ቲተር እቀርጻለሁ። የምጠቀምበት ጎማ ለሌዘር ተብሎ የተዘጋጀ፣ 2.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። ትልልቅ ፊደላት ያላቸው ክብ ማኅተሞች ያለ ችግር ይወጣሉ፤ የሚያስቸግረኝ ቲተር ነው። ለምሳሌ «ጤና መኮንን» የሚል ጽሑፍ ስቀርጽ የ«ጤ» እግሮች መጀመሪያ ላይ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ቲተሩ ጥቂት ጊዜ እንደተመታ ግን እግሮቹ ወደ ጎን ይተኛሉ፣ ከግርጌ ያለችው ትንሽ ቀለበትም በቀለም ትደፈናለች። ጥልቀቱን ስጨምር ችግሩ ይብሳል። ምክንያቱን የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«ባለ ማኅተም ቤት»

ጥልቀት ሲጨምሩ የሚብስ መሆኑን መግለጽዎ ምክንያቱን በቀላሉ ለመለየት ይረዳል። ሌዘሩ በፊደሉ ዙሪያ ያለውን ጎማ እያቃጠለ ሲወርድ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላው እግር አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ምንም ደጋፊ ይቀራል፤ ጎማ ደግሞ ለስላሳ በመሆኑ እጅ ሲጫነው መጉበጡ አይቀርም። ጥልቀት በጨመሩ ቁጥር የእግሩ ውፍረት ባለበት ሆኖ ቁመቱ ብቻ ይረዝማል።

ስለዚህ የፊደሉ ግድግዳ ከላይ ጠባብ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ተራራ ግርጌ እየሰፋ መሄድ አለበት። ላይትበርን የተባለውን የሌዘር ማዘዣ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ቦታን ሞልቶ በሚቀርጸው የ«ፊል» ስልት ውስጥ «ራምፕ ሌንግዝ» የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ይህም ጨረሩ ወደ ፊደሉ ጠርዝ ሲቃረብ ኃይሉ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ፣ ሲርቅም እንዲጨምር በማድረግ ተዳፋቱን ይሠራል። ለቲተር ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢጀምሩ ጥሩ ነው። በ«ጤ» እግሮች መካከል እንዳለው ባለ ጠባብ ቦታ ከግራና ከቀኝ የሚወርዱት ተዳፋቶች ስለሚገናኙ ወለሉ ከሌላው ከፍ ብሎ ይቀራል፤ እግሮቹን አቅፎ የሚይዛቸው ይህ ስለሆነ በዚያ አይጨነቁ። በሰፊው ባዶ ቦታ ግን ጎማው ረግቦ ወረቀቱን እንዳይነካ ጥልቀቱ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋ። ኃይልና ፍጥነት ከማሽን ማሽን ስለሚለያዩ፣ ከጎማው ዳር ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖችን በተለያየ ኃይል ቀርጾ ጥልቀታቸውን መለካት የሌላ ሰው ቁጥር ከመቅዳት ይሻላል።

መልስ፦ ከ«ፊደል ወዳድ»

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ግማሹ ችግር ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት በኮምፒዩተሩ ላይ የሚፈጠር ይመስለኛል። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚገኘው ኒያላ ለንባብ ያማረ ፊደል ቢሆንም፣ ለቲተር በሚያንስበት ጊዜ ስስ መስመሮቹ ከጨረሩ ውፍረት ጋር ይስተካከላሉ። ጨረሩ ራሱ ስፋት ስላለው ከፊደሉ ጠርዝ በግራም በቀኝም ጥቂት ይበላል፤ ስለዚህ በስክሪን ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር የነበረው መስመር ጎማው ላይ ያንን ያህል አይሆንም። እኔ ለትንንሽ ጽሑፍ የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ደማቅ ዓይነት እመርጣለሁ፤ ጽሑፉንም ወደ መስመር ቅርጽ ከለወጥኩ በኋላ ዙሪያውን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር አሰፋዋለሁ። ይህን ስናደርግ ግን ቀለበቶቹ ይጠባሉና የ«ጤ»ን፣ የ«ሌ»ንና የ«ቤ»ን ቀለበት አንድ በአንድ እያየን ውስጣቸውን በእጅ ማስፋት ያስፈልጋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሆኖም አንባቢው «ጤ»ን ከ«ጠ» የሚለየው በዚያች ቀለበት ነውና መተው አይገባም።

የጨረሩ ፎከስም በትክክል የጎማው ገጽ ላይ ማረፉን ያረጋግጡ፤ ጎማው በአንድ ጥግ እንኳ ከተነሣ በዚያ በኩል ያሉት ፊደላት ይደበዝዛሉ።

ጥያቄ፦ ከ«ጀማሪ ቀራጭ»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ገበያ ላይ ዋጋው በጣም የሚቀንስ፣ ስሙም ዓይነቱም ያልተጻፈበት ስስ ንጣፍ አግኝቻለሁ። ጎማ ነው ይላሉ። ብጠቀምበት ጉዳት ይኖረዋል? የቃጠሎው ሽታስ እንዴት ይቀንሳል?

መልስ፦ ከ«ባለ ማኅተም ቤት»

እባክዎ ምንነቱን ሳያረጋግጡ ማሽኑ ውስጥ አያስገቡት። ጎማ መስለው ከሚሸጡት ንጣፎች መካከል ፒቪሲ የሚባል ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ አለ፤ ፒቪሲ በሌዘር ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ስለሚሆን ሳንባንም ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረትና መስተዋት ይበላል። በንጣፉ ላይ የሚያተርፉት ገንዘብ ለአንድ ሌንስ እንኳ አይበቃም፤ ለሳንባዎ ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

ትክክለኛው ጎማም ቢሆን ይሸታል፤ ሲመረት በድኝ ስለሚጠነክር ሲቃጠል ሽታው ከባድ ነው። ሽታው ዝቅ እንዲል ተደርጎ የተዘጋጀ የሌዘር ጎማ አለ፤ ይሁን እንጂ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦና ጠንካራ ማራገቢያ ከሌለ በዝግ ክፍል ውስጥ አይሠራም። ሥራው ሲያልቅ የሚቀረውን ጥቁር ዱቄት በሳሙና ውኃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት። ቀለበቷን ከሚደፍኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ዱቄት ነው፤ ከቀለም ጋር ተቦክቶ ከደረቀ በኋላ ለማውጣት ያስቸግራል። በቤንዚን ግን አይጠቡት፤ የተፈጥሮ ጎማ በቤንዚንም ሆነ በዘይት ያብጣል። በዘይት የተሠራ ቀለምም ለዚህ ጎማ አይሆንም፤ ውኃ አዘል የሆነውን የማኅተም ቀለም ይጠቀሙ።

መልስ፦ ከ«ፊደል ወዳድ»

ቲተርም ሆነ ክብ ማኅተም ሲያዝዙዎ የድርጅቱን የጽሑፍ ጥያቄና የአዛዡን መታወቂያ ሳያዩ ሥራውን አይጀምሩ፤ የጥያቄውንም ቅጂ ያስቀምጡ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ማኅተምን አስመስሎ መሥራትን ይቀጣል፤ በተለይ የሕክምና ባለሙያ ቲተር በሐሰት ከተሠራ የማይገባ መድኃኒት ሊታዘዝበት ይችላል።