አሮጌዋ ክብ ቤተ ክርስቲያን ትፍረስ ወይስ ትቆይ?

የኮተቤ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ያለውን ላልሰማችሁ ባጭሩ፣ ታቦቱ ለጊዜው መቃኞ (ጊዜያዊ ቤተ ክርስቲያን) ይገባና ክቧ ፈርሳ እዛው ቦታ ትልቅ የኮንክሪት ህንፃ ይቆማል ነው የተባለው። እኔ አልስማማም። አዲሱ ይሠራ ግን አጠገቧ። ግድግዳዋ ጭቃና ጭድ ቢሆንም ምሰሶዎቿ ጽድ ናቸው፣ እናቴ ሁሌ የምትደገፈው በሴቶች በኩል ያለው ምሰሶ ከሰው እጅ ብዛት የተነሳ ቅቤ የተቀባ ይመስላል፣ እሱን በምን ልንተካው ነው?

ብሎክ 14፦
ወንድሜ ይገባኛል፣ ግን እኛ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሕዝቡ ስንት እጥፍ እንደሆነ አንተም ታያለህ፣ ክረምት ላይ እናቶች ደጅ ጃንጥላ ይዘው ነው የሚያስቀድሱት፣ ውስጥም ቢሆን ቆርቆሮው ያፈሳል ሳፋ ተደቅኖ ነው የሚቀደሰው። አጠገቧ ይሠራ ማለት ቀላል ነው፣ ቅጽሩ ውስጥ ቦታ የታለ? ወይ ወይራው ይቆረጣል ወይ መቃብር ይነሳል።

ሲቪሉ፦
በሙያዬ አንድ ነገር ልበል፣ ጭቃ ቤትን የሚጥለው ውሃ ነው እንጂ እርጅና አይደለም። ክዳኑ ይቀየር፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ይቆፈር፣ ብዙ ዘመን ትቆማለች። ብቻ በሲሚንቶ እንዳትለስኗት አደራ! ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ጭቃውን ውስጥ ለውስጥ ነው የሚጨርሰው። ደሞ የቅርስ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 209/1992፣ በቅርስነት የተመዘገበች ከሆነ ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም፣ መመዝገቧን መጀመሪያ እናጣራ።

የኮተቤ ልጅ፦
አክሱምን እዩ እንጂ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ 1957 ላይ አዲሱን ጽዮን ሲያስመርቁ የፋሲለደስን አላፈረሱም፣ ሁለቱም አሉ። ምኒልክ 1882 የነገሡባት እንጦጦ ማርያምም ይኸው ከበላያችን ቆማለች። ለቦታው ደግሞ በአስፋልቱ በኩል ያሉት የኪራይ ሱቆች ይነሱ።

ብሎክ 14፦
የሱቆቹ ኪራይ እኮ የካህናቱ ደሞዝ ነው! እሱ ሲቆም ማን ሊከፍላቸው ነው?

የሰንበቴዋ እናት፦
ልጆቼ እኔም ልናገር፣ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ድሮ ሲሶ ለቀዳሽ ይባል ነበር፣ 1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኗ የካህናቱ መተዳደሪያ የነበረውን የሰሞን መሬቷን አጣች፣ ያን ጊዜ ካህናቱን ያበላው እዚህ ዙሪያ ያለው ገበሬ ነው፣ ጤፉን በቁና እየሰፈረ፣ አባቴም አንዱ ነበር፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ ነው ያረፈው። ኋላ እነሱም መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ሄደ፣ ተበተኑ። የንግሥ ለት ግን ከያሉበት መጥተው መጀመሪያ መቃብሩን ተሳልመው ነው ወደ ቅዳሴ የሚገቡት፣ ባለፈው ዓመት አንዷ ቤቷ የነበረበትን ቦታ ከፎቁ መሀል ፈልጋ አጥታው እዚህ መጥታ አለቀሰች፣ የቀራት ምልክት ይቺ ክብ ቤት ናት። እነሱን ማን ጠየቃቸው?

ብሎክ 14፦
እማማ እውነት ነው፣ ይሄን አላሰብኩትም። ዝናቡ ላይ ግን አሁንም ሐሳቤ ያው ነው፣ ሌላ ክረምት እንደዚህ መክረም የለብንም።

የኮተቤ ልጅ፦
እንግዲያው ለክረምቱ በደጁ በኩል ዳስ በቆርቆሮ እንሥራ፣ ቆርቆሮውን እኛ የሰፈር ልጆች አዋጥተን እንገዛለን፣ የእንጨቱን ሥራ ሲቪሉ ይምራን። የማፍረሱ ስብሰባ ደግሞ የፊታችን እሁድ መሆኑ ቀርቶ የንግሡ ለት ማታ ይሁን ብለን ኮሚቴውን እንጠይቅ፣ ያኔ ሁሉም እዚህ ናቸው። የሄዱት ሰዎች ስልክ ያላችሁ ከዛሬ ጀምራችሁ ደውሉላቸው።