ትንሿ ሁለት ቴሌግራም ላይ እያበላሸችኝ ነው

ሰላም ወገኖች። እዚህ ጅማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ወርድ ላይ የውሃን ፎርሙላ ስጽፍ ችግር የለብኝም። ኮንትሮል ይዤ የእኩል ምልክቷን ስጫን ሁለቷ ዝቅ ትላለች፤ ሺፍት ስጨምርበት ወደ ላይ ትወጣለች። ጉዱ የሚመጣው መልመጃውን ገልብጬ ለተማሪዎቼ በቴሌግራም ስልክ ነው። ትንሿ ቁጥር ከሌሎቹ እኩል ተገትራ ቁጭ! ባለፈው አስር ስኩዌር ያልኩት 102 ሆኖ ደረሳቸው። አንዱ ልጅ ከምሩ በ102 አባዝቶ መጣ። ምን ልበለው?

አልት ይዘህ 0178 ምታ ያሉኝ አሉ። የኔ ላፕቶፕ ግን ሚጢጢ ናት፤ በቀኝ በኩል ለብቻው የቁጥር ሰሌዳ የላትም። ደግሞ እሱ የሚያወጣው የላይኛዋን ሁለት ብቻ ነው። ለታችኛዋ ወርድ ላይ 2082 ጽፌ አልትና ኤክስ ስጫን ትክክለኛዋ መጣችልኝ፤ ቴሌግራም ላይም አልተበላሸችም። ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር ኮድ ስሸመድድ ልኑር?

ሁሉንም በአንዴ የሚቀይር ወይም ኪቦርድ ላይ የሚጫን ነገር የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ፎቶ አንስተህ ላክ እንዳትሉኝ ብቻ፤ ልጆቹ ገልብጠው መሥራት አለባቸው። ፈተናው ሰኞ ነው፤ መብራት ካልጠፋ ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።