የሶዳንኪላ የዲሴምበር ሙቀት ከፍተኛው ሌሊት ላይ እየወጣ ነው፤ የሰዓት ስህተት ነው?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። በፊንላንድ ላፕላንድ ያለችውን የሶዳንኪላን የሙቀት መጠን በየወቅቱ በግራፍ እያወጣሁ ነው። መረጃው የፊንላንድ ሚቲዮሮሎጂ ተቋም በነፃ የሚለቀው ሰዓታዊ ንባብ ነው። የጁላይ ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ይወርዳል። የዲሴምበርና የጃንዋሪ ግን ግራ ገባኝ። የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት አንዴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይገኛል፣ አንዴ ምሽት ላይ። የሰዓት ቀጠና አበላሽቼ ይሆን? ክረምቱ (የእነሱ ብርዳማ ወቅት ማለቴ ነው) የገባበትን ቀንስ በምን ልለየው?

ቀዝቃዛ ሜዳ
መረጃህ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ሶዳንኪላ 67 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ዲሴምበር 21 አካባቢ ፀሐይዋ በቀትር እንኳ ጠርዟን ብቅ አደረገች አላደረገች የሚባልበት ቦታ ነው። የሚያሞቅ ፀሐይ ከሌለ ቀንና ሌሊት የሚባል የሙቀት ዑደትም የለም። ሙቀቱን የሚወስኑት ደመናና ነፋስ ናቸው።

ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲቆም የበረዶው ገጽ ሙቀቱን ወደ ላይ እየጨረረ ይቀዘቅዛል፣ ከላዩ ያለውን አየርም ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ዝቅ ባለው መሬት ላይ ይተኛል። ያኔ የሉኦስቶ ተራራ አናት ከታች ካለው ሜዳ በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። በአጎራባቹ ኪቲላ፣ ፖካ መንደር ላይ ጃንዋሪ 28 ቀን 1999 የተመዘገበው ከዜሮ በታች 51.5፣ የፊንላንድ ዝቅተኛው፣ በእንዲህ ያለ አየር የመጣ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ደመናና ነፋስ ሲመጣ ደግሞ የተኛው አየር ይበጠበጥና በአንድ ቀን ውስጥ 20 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። ደመናው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከደረሰ ከፍተኛው ንባብም ያኔ ነው።

የሰዓት ቀጠናውን ለማረጋገጥ በዲሴምበር አትድከም፤ የኤፕሪልን ጥርት ያሉ ቀናት ውሰድ። ከተማዋ 26.6 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነች እውነተኛው ቀትር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት ተቆጥሮ) 10፡13 ገደማ ነው፤ ከፍተኛው ሙቀት ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት ዘግይቶ፣ በ12 እና በ13 መካከል መውደቅ አለበት። በ15 ወይም በ16 ላይ ካገኘኸው ፋይልህ ከዩቲሲ 3 ሰዓት በሚቀድመው በፊንላንድ የበጋ ሰዓት ነው።

አማካይ
አማካዩን በምን እያወጣህ እንደሆነ አልነገርከንም። ከፍተኛውን ከዝቅተኛው ደምረህ ለሁለት የምታካፍል ከሆነ ለዲሴምበር ተወው። እኩለ ሌሊት ላይ -5 የነበረ ቀን በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ -25 ወርዶ እዚያው ቢውል፣ የሁለቱ አማካይ -15 ይላል፤ የ24ቱ ሰዓት አማካይ ግን ወደ -23 ይጠጋል። 24ቱንም ደምር።

ባዶ ሴሎችንም ተመልከት። ኤክሴል ላይ ብዙ ሰው ባዶውን በ0 ይሞላዋል። እዚያ በጃንዋሪ 0 ማለት ትልቅ ሙቀት ነው፤ የወሩ አማካይ -13 አካባቢ በሆነበት የሦስት ቀን ክፍተት በ0 ከሞላህ ወሩን ከ1 ዲግሪ በላይ ታሞቀዋለህ።

ወቅቶቹን በተመለከተ፣ ፊንላንዶች ክረምት የሚሉት የቀን አማካይ በዘላቂነት ከ0 በታች ሲሆን ነው፤ ከ0 እስከ 10 ያለው እንደ አቅጣጫው ፀደይ ወይም መጸው፣ ከ10 በላይ በጋ። «በዘላቂነት» የምትለዋን አትዝለላት፤ ኦክቶበር ውስጥ መስመሩ ዜሮን ደጋግሞ ያቋርጣል። የሚሠራው መንገድ የቀን አማካዮችን እያጠራቀሙ መደመር ነው። ከበጋ ጀምረህ ስትደምር ድምሩ ጫፍ የደረሰበት ቀን የመጸው መጨረሻ ነው፤ በማግስቱ ክረምት ገባ። ለፀደይ ከጃንዋሪ 1 ጀምረህ ድምሩ እጅግ የወረደበትን ቀን ፈልግ። ለበጋ ከየቀኑ አማካይ 10 ቀንሰህ ያንኑ አድርግ። የስዊድንን መስፈርት፣ ማለትም ለክረምት አምስት ተከታታይ ቀን 0 ወይም ከዚያ በታች የሚለውን፣ ከዚህ ጋር አትቀላቅል፤ ቀኖቹ አይገጥሙም።

ጠያቂ
በ24 ደምሬ አስተካከልኩት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኤፕሪል ላይ ግን ፀሐይዋ ረጅም ሰዓት ስትታይ አማካዩ ገና ዜሮ አካባቢ የሚንገታገተው ለምንድን ነው?

ቀዝቃዛ ሜዳ
በረዶው ነው። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ መልሶ ይረጨዋል። የቀረው ሙቀት ደግሞ መጀመሪያ ለማቅለጥ ይውላል፤ ለአንድ ኪሎ 334 ኪሎጁል። በካሬ ሜትር 150 ኪሎ በረዶ ቢኖር 50 ሜጋጁል ያህል አየሩን ሳያሞቅ ይሄዳል ማለት ነው። ግራፍህ ላይ በማርችና በኤፕሪል የቀንና የሌሊቱን ልዩነት ለብቻው አውጣው፤ ሌሊት -20፣ ከሰዓት በኋላ 0 የሚሆንባቸው ቀናት ታገኛለህ፣ አማካዩ ይህን ይደብቀዋል። መሬቱ በሜይ ሲገለጥ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል።