ከተመረቅን 30 ዓመት ሊሞላን ነው፤ የባቻችንን ልጆች እንዴት እንሰብስብ?

ጥያቄ (የኋላ ወንበር)

ሰላም ለሁላችሁም። በሚቀጥለው ዓመት ከኮሌጅ ከወጣን 30 ዓመት ይሞላናል። ባቻችን ወደ 70 ሰው ነበር። የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ውስጡ ያለነው ግን ግማሽ አንሞላም። የሚያወራው ደግሞ አራት አምስት ሰው ነው። ሌላው ለበዓል የአበባ ፎቶ ይልክና ይጠፋል። አንዱማ ቀኑን ሙሉ ፎርዋርድ ሲያደርግ ይውላል፤ በእሱ የተነሳ ግሩፑን ድምፅ ያጠፉበት ብዙ ናቸው።

የጠፉትን ማግኘት እፈልጋለሁ። አንዳንዶቹን ሳገኛቸው ደግሞ «እናንተ የት ደርሳችኋል፣ እኔ ምን ብዬ ልግባ» ይሉኛል። ልምድ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ። አንቱታው ይቅርብኝ፣ «አንቺ» በሉኝ።

መዝገብ ያዥ

እህቴ፣ ግሩፑን ለጊዜው ተዪውና መጀመሪያ መዝገብ አዘጋጂ። መተግበሪያ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፌስቡክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ ዋትሳፕ በ2009፣ ቴሌግራም በ2013። እናንተ ስትመረቁ አንዳቸውም አልነበሩም። 40ኛ ዓመታችሁ ላይ ሰው በምን እንደሚገናኝ ማን ያውቃል? ዝርዝሩ በእጃችሁ ካለ ግን ወደፈለጋችሁት ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

የእኛ ተራ ሠንጠረዥ ነው። ሙሉ ስም፣ ያኔ የምንጠራበት ቅጽል ስም፣ ስልክ፣ የግል ኢሜይል፣ የሚኖርበት ከተማ። ከሁሉ የሚጠቅመው የመጨረሻው ዓምድ ነው፦ «ይህ ሰው ቢጠፋ ያለበትን የሚያውቀው ማነው?» እህቱ፣ ባለቤቱ፣ የቅርብ ጓደኛው። ስልክ ይቀየራል። የቢሮ ኢሜይል ሥራ ሲለቀቅ ይዘጋል። ቴሌግራም ራሱ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት ይሰርዛል። እህት ግን አትቀየርም።

ፍለጋውን ከምርቃት ፎቶና መጽሔት ጀምሪ። ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ፈልጊ፤ «ፀሐይ» በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቢው። አግብታ የባሏን ስም የያዘችም ትኖራለች። ከዚያ በኋላ ሰውን በሰው ነው። የዶርም ልጆችን ጠይቂ፣ ዶርም የተጋራ ሰው ከክፍል ተጠሪ የበለጠ ያውቃል። ኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎች ቢሮ ካለው የማንንም ስልክ አይሰጥሽ ይሆናል። መልእክትሽን ግን እንዲያደርስልሽ ጠይቂው።

ዝምተኛዋ አባል

እኔ እንደዚያ ካሉት ግሩፖች በአንዱ ውስጥ ዝም ካሉት ነኝ፤ ስለዚህ ከእኛ ወገን ልናገር። ዝም ያለ ሁሉ አልጠላችሁም። ሮቢን ደንባር የሚባል የእንግሊዝ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የጻፈው አለ፦ አንድ ሰው በደንብ ይዞት የሚቆየው ግንኙነት ወደ 150 ሰው ገደማ ነው። ከዚያም ውስጥ ልብ ለልብ የሚቀራረበው ወደ 5 ነው፣ ቀጥሎ ወደ 15 የሚጠጋ። ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ጎረቤት ይህን ቦታ ሞልተውታል። 70 ሰው በየቀኑ እንዲያወራ ብትጠብቂ ትደክሚያለሽ። ግሩፑ ጸጥ ቢል ግድ የለም፣ ዋናው ሲፈለጉ መገናኘታቸው ነው።

እኔን የመለሰኝ ግሩፑ አልነበረም። አንዷ በግል ጻፈችልኝ። «ያ የስታትስቲክስ ፈተና ትዝ አለኝና ሳቅሁ፣ ደህና ነሽ?» አለች፣ በቃ። ሥራዬን አልጠየቀችም፣ ስንት ልጅ እንዳለኝም አልጠየቀችም። ያን ቀን ማታ ደወልኩላት።

ቁጥር ወዳድ

ዝምተኛዋ ያለችው በጥናትም ይደገፋል። ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት ነው። ሰዎች ድንገት ለሚያውቁት ሰው አጭር መልእክት ወይም ትንሽ ስጦታ ሲልኩ፣ ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሰው ነው የሚገምቱት። መልእክቱ ያልታሰበ በሆነ ቁጥር ደግሞ ደስታው ይጨምራል። «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ብዬ» የሚለው ሐሳብ እንግዲህ በላኪው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ነው።

ሌላም ልጨምር። ዳንኤል ሌቪን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው አለ። የሥራ ኃላፊዎችን ለዓመታት ካላገኟቸው ሰዎች የሥራ ምክር እንዲጠይቁ አደረጉ። የተገኘው ምክር አሁን አብረዋቸው ካሉት ሰዎች ካገኙት ይልቅ አዲስ ነገር ነበረበት። የድሮ መተማመን አለ፣ ግን ሁለቱም በየፊናቸው ሌላ ዓለም አይተዋል። ስለዚህ «ምን ይዤ ልግባ» ለሚልሽ ሰው ምክር ጠይቂው። የሚያውቀው ነገር አይጠፋም፤ መኪና፣ ልጅ ማሳደግ፣ ከሥኳር በሽታ ጋር መኖር። የተጠየቀ ሰው አንገቱን አይደፋም።

ልጃቸው ነኝ

ይቅርታ፣ እኔ ወጣት ነኝ፤ አንቱታውንም አልተውም። የእናቴን ባች ግሩፕ የማስተካክለው እኔ ነኝ (አድሚን ተብዬ ሳልማር ባቹ ውስጥ ገብቻለሁ ማለት ይቻላል)።

ሁለት ቦታ ይክፈቱ። አንዱ አድሚኖች ብቻ የሚጽፉበት ቻናል ይሁን፤ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የመሰብሰቢያ ቀን እዚያ ይለጠፋል። ሌላው የወሬ ግሩፕ ነው። ፎርዋርድ የሚያበዙት ጋሼ እዚያ እንደፈለጉ ይሁኑ፣ ማስታወቂያው ግን በእሳቸው ፎርዋርድ አይዋጥም። እኛ ጋ ሰው የተመለሰው ይህን ካደረግን በኋላ ነው።

ስለ ስልክ ቁጥር፦ ዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ ቁጥርዎን አባላቱ ሁሉ ያዩታል። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብተው መደበቅ ይችላሉ። አንዳንድ ሰው የማይገባው ለዚህ ብቻ ነው፣ ይንገሯቸው።

አንድ አደጋም አለ። የአንዱ አባል አካውንት ይጠለፍና «ቸግሮኛል፣ ቶሎ ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት በስሙ ይመጣል። የድሮ ጓደኛ ስለሆነ ሰው አይጠራጠርም። ደውለው ድምፁን ሳይሰሙ ምንም አይላኩ። ሁሉም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (በስልክ ከሚላከው ኮድ ሌላ የራስዎን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) እንዲከፍቱ ያድርጉ።

ተቃዋሚው

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን መዝገቡ ላይ እኔ አልስማማም። የሰውን ስልክና አድራሻ ሳታስፈቅዱ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብታችሁ ለ70 ሰው ታሰራጫላችሁ? ከቀድሞ ባሏ የምትሸሽ ሴት ብትኖርስ? ያበደረ፣ የተበደረ፣ የተጣላ የለም? «መገኘት አልፈልግም» የሚልም ያ መብቱ ነው።

መዝገብ ያዥ

ልክ ነህ ወንድሜ። መዝገቡ ሁለት ሰው ጋ ብቻ ይቀመጥ። የፈለገ ሰው ሲመጣ መዝገብ ያዡ ተፈላጊውን ይጠይቃል፣ ፈቃዱ ከሆነ ብቻ ያገናኛል። የማይፈልገው ስም አጠገብ «አይደወል» ተብሎ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ሌላው ከዓመት በኋላ እንደገና ይጨቀጭቀዋል።

ስለ ሞት ዜናም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ ባች ውስጥ አንዱ «አርፏል» ተብሎ ፎቶው ከሻማ ጋር ተለጠፈ፣ «ነፍስ ይማር» ጎረፈ። በሳምንቱ ራሱ ገብቶ «እኔም አዝኛለሁ፣ መቼ ነው ቀብሩ?» ብሎ ጻፈ። ለካ ሞክሼው ነበር ያረፈው። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰብ አንድ ሰው ሳያረጋግጥልን አንለጥፍም።

ሒሳብ ሹሟ

ስለ ገንዘብ ማንም አላነሳም፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። መዋጮ ካለ በፈቃድ ይሁን። የከፈሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ግሩፑ ላይ አይለጠፍ፤ ያልከፈለው ዝም ብሎ ይወጣና አይመለስም። ጠቅላላ ገቢና ወጪ ብቻ ይለጠፍ፣ ገንዘቡም በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ለሥራ የተነሳ ግሩፕ በገንዘብ ሲፈርስ አይቻለሁ።

የኋላ ወንበር (ጠያቂዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መዝገቡን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፤ ሁለተኛዋ ያዥ የዶርም ጓደኛዬ ትሆናለች። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከባቹ ብዙዎቹ በየአገሩ ተበትነዋል፣ በአካል ለመገናኘት ሁሉም አይችልም። በቪዲዮ ይሆናል?

ልጃቸው ነኝ

ይሆናል፤ ግን 70 ሰው በአንድ ስክሪን ላይ ከሆነ ሁለት ሰው ያወራና ሌላው ያዛጋል። በዶርም ወይም በላቦራቶሪ ቡድን ከፋፍለው ስድስት ሰባት ሆነው ይገናኙ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆረጣል፣ ጉግል ሚት ቡድን ሲሆን እስከ 60 ደቂቃ ይሰጣል። እናቴ 40ውን ነው የምትመርጠው፤ ወሬው ሳያልቅ ስለሚቆረጥ ለሚቀጥለው ቀን ራሳቸው ይቀጣጠራሉ። የሰዓት ልዩነት ስላለ ሰዓቱን ሲጽፉ የየትኛው አገር እንደሆነ አይርሱ፣ የእናቴ ጓደኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ ብቻዋን ተቀምጣ ጠብቃለች።