ከልጆች ጋር ባሕር ዳርቻ ወፍ ለማየት በብርድ ወራት፦ ምን ሰዓት እንሂድ?

የሁለት ልጆች እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ልጆቹን ወፍ ልናሳያቸው ባሕር ዳርቻ ይዘናቸው ሄድን። ትልቋ ዘጠኝ፣ ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በብርድ ተጓዝን፣ ያየነው ግን ከሩቅ ነጠብጣብ የሚመስሉ ነገሮችን ብቻ ነው። ባሕሩ በጣም ሸሽቶ ነበር፣ ከፊታችን ያለው ሁሉ ጭቃ። ትንሹ እጁ ቀዝቅዞ አለቀሰ። ትልቋ «ወፎቹ የታሉ?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ። ልጅቷ ወፍ ነፍሷ ነው፣ ደብተሯን በወፍ ሥዕል ሞልታዋለች፣ ስለዚህ በዚሁ እንዲቀር አልፈልግም። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው? የሩቅ ማያ መነጽርስ ምን ዓይነት ልግዛላቸው?

ጠዋት ወጪ
አይዞሽ እህቴ። ሰዓቱ ነው እንጂ ወፉስ ነበረ። ባሕሩ ሲሸሽ ወፎቹ ምግባቸውን ተከትለው ጭቃው ላይ ርቀው ይሄዳሉ፤ ትሉም፣ ቀንድ አውጣውም፣ ትንንሹ ሸርጣንም ያለው እዚያ ነው። ውሃው ተመልሶ መሙላት ሲጀምር ግን መቆሚያ ስለሚጠባቸው እየተገፉ ወደ ዳር፣ ወደ እናንተ ይመጣሉ። የምትሄዱበትን ቦታ የባሕር ሙላት ሰዓት ስልክሽ ላይ እዪና ጢም ብሎ ከመሙላቱ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። በብዙ ቦታ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስለዚህ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየገፋ ይሄዳል፤ ባለፈው ሳምንት የሠራ ሰዓት ዛሬ አይሠራም።

ሌላው፣ እባክሽ አትጓዙ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ አንድ ቦታ ቁጭ በሉ፣ መውጫ መንገዳችሁም ከኋላችሁ ይሁን፣ ውሃው እየሞላ ነውና እንዳይከባችሁ። ሰው ሲንቀሳቀስ ወፍ ይሸሻል፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን ይለምደዋል። ባሕሩ ሲሞላ ወፎቹ ተጠጋግተው ያርፋሉ፣ ብዙዎቹ በአንድ እግር ቆመው፣ ምንቃራቸውን ላባቸው ውስጥ ወሽቀው። ያን ጊዜ ልጆቹ እንዳይሮጡባቸው አደራ። በዚህ ብርድ በከንቱ መብረር የበሉትን ያስጨርሳቸዋል። አንገታቸውን ቀና ቀና ካደረጉ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ።

የአምስት ዓመት ልምድ
ስለ መነጽሩ፦ ለአንቺና ለባለቤትሽ 8 በ42 የሚባለው ይበቃችኋል። 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። ባለ 10ን ለልጅ አትግዢ፣ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ለትንሹ ቀለል ያለ፣ 6 ወይም 8 እጥፍ የሚያቀርብ ፈልጊለት፤ የልጅ ዓይኖች ስለሚቀራረቡ ሁለቱ ቱቦዎች በደንብ የሚጠጉ መሆናቸውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ይሞክረው። መጀመሪያ ቤት አለማምጂያቸው፤ ዓይናቸውን ከሚያዩት ነገር ሳይነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናቸው ማምጣት። ትርፍ ጓንትና ካልሲ ያዙ፣ ትኩስ መጠጥም። ልጆቹ ገና ደስ እያላቸው ተመለሱ፣ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ዝምታ ወዳድ
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው፣ በስም አታስጨንቂያቸው። በብርድ ወራት አብዛኞቹ የዳር ወፎች ግራጫ ላባ ለብሰው ስለሚመሳሰሉ አዋቂውም ይቸገራል። ጉል የሚባሉት የባሕር ወፎችማ ይብሳሉ፣ ትልልቆቹ የአዋቂ መልክ እስኪይዙ አራት ዓመት ገደማ ስለሚፈጅባቸው አንዱ ዓይነት ወፍ በየዕድሜው ሌላ ይመስላል። ወፎቹ የሚሠሩትን አሳዪያቸው። ተርንስቶን የሚባለው ወፍ ድንጋይና የባሕር አረም በምንቃሩ እየገለበጠ ሥሩን ይፈትሻል። ከርሊው የሚባለው ያን ረጅም ቆልማማ ምንቃሩን ጭቃ ውስጥ ሰዶ ትል ይስባል። ሳንደርሊንግ የሚባለው ትንሽ ወፍ ደግሞ ከሞገዱ ጋር ይሮጣል፣ እሱን ካገኛችሁ አሸዋው ላይ አሻራውን ፈልጉና ልጆቹ ጣቶቹን ይቁጠሩ።

«እግራቸው አይበርዳቸውም?» ማለታቸው አይቀርም። ወደ እግር የሚወርደው ሙቅ ደም ከታች የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን እያለፈ ያሞቀዋል፣ ስለዚህ ሙቀቱ ከሰውነት ብዙም ሳይወጣ ይቀራል። ለትልቋ ደግሞ ይሄን ንገሪያት፦ በ2022 እ.ኤ.አ. አምስት ወር ገደማ የሆናት አንዲት ጎድዊት የምትባል የዳር ወፍ ከአላስካ ተነሥታ የአውስትራሊያ ደሴት የሆነችው ታዝማኒያ እስክትደርስ 13,560 ኪሎ ሜትር ያህል በ11 ቀን በርራለች። መሀል ላይ አንዴም ሳታርፍ።

የሁለት ልጆች እናት
ተመልሻለሁ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሙላቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር፣ ሦስት ሰዓት ላይ ደርሰን ቁጭ አልን። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፣ ትንሹ መቁነጥነጥ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ሃያ የሚሆኑ ሳንደርሊንጎች ከግራ በኩል መጡ። ሞገዱ ሲመለስ ተከትለውት ይሮጣሉ፣ እርጥቡን አሸዋ ይወጋጋሉ፣ ሲመጣባቸው ደግሞ ሁሉም እኩል ዞረው ይሸሻሉ። ከእኛ አሥር እርምጃ አይርቁም ነበር። ልጄ መነጽሩን ትቶ አፉን ከፍቶ ነው ያያቸው። ሲሄዱ ትልቋ ደብተሯን ይዛ አሻራው ላይ ተንበረከከች፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ወደ ፊት ሦስት ጣት፣ ከኋላ ምንም። ሳለችው፣ አጠገቡም «የኋላ ጣት የለውም» ብላ ጻፈችበት።